የሙታን ቀን አደባባይ ሲወጣ፦ ክርክር

ሜክሲኮዎች በየዓመቱ ኖቬምበር 1 እና 2 ሙታኖቻቸውን በቤታቸው ይቀበላሉ። በዓሉ ዲያ ዴ ሙዌርቶስ፣ የሙታን ቀን ይባላል። ዩኔስኮ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በ2015 የወጣው ስፔክተር የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ሲጀምር፣ በሜክሲኮ ሲቲ መሀል የሚያልፍ ግዙፍ የሙታን ቀን ሰልፍ ያሳያል። ያኔ እንዲህ ያለ ሰልፍ በከተማዋ አልነበረም፤ ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ነው። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2016፣ ከተማዋ ከፊልሙ ተነስታ እውነተኛውን ሰልፍ አዘጋጀች። ዛሬ ከዓመቱ ትልልቅ ዝግጅቶቿ አንዱ ሆኗል።

ይህ ሰልፍ በዓሉን ያከብረዋል ወይስ ይጎዳዋል? ሁለት ተከራካሪዎች እነሆ። ሁለቱም በዓሉን የሚወዱ ናቸው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የተቃውሞ ወገን

ወንድሜ፣ ሰልፉ ይቆየንና ከበዓሉ ልጀምር።

የሜክሲኮ ቤተሰብ ለሙታን ቀን ቤቱ ውስጥ ኦፍሬንዳ የሚባል የመታሰቢያ ጠረጴዛ ያሰናዳል። የሟቹ ፎቶ ይቀመጣል። ሻማ ይበራል። ኮፓል የሚባለው ዕጣን ይጨሳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርባል፤ ከሩቅ የመጣ ይጠማዋልና። ፓን ዴ ሙዌርቶ የሚባለው፣ ከላዩ የአጥንት ቅርጽ የተሠራበት ጣፋጭ ዳቦም አለ። ከዚያ የሟቹ የራሱ ነገር ይመጣል። አያት ሞሌ የሚባለውን ወጥ ይወዱ ከነበረ ሞሌ ይሠራላቸዋል። ሜስካል የተባለውን መጠጥ የሚወድ አጎት ከነበረ መለኪያው ይሞላለታል። የሚያጨስ ከነበረም ሲጋራው አይረሳም። ሴምፓሱቺል የተባለው ብርቱካናማ አበባ ተቀንጥሶ ከደጃፍ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይበተናል። ነፍስ በአበባው ቀለምና ሽታ እየተመራች ቤቷን ታገኛለች ይላሉ። በብዙ ቦታ ኖቬምበር 1 የሕፃናት ቀን ነው፤ 2 የአዋቂዎች።

ካምፔቼ ግዛት ውስጥ ፖሙች የምትባል የማያዎች ከተማ አለች። እዚያ ሰው ከሞተ ከዓመታት በኋላ አጽሙ ከመቃብር ወጥቶ በእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ቤተሰቡ ይመጣል። አጥንቱን አንድ በአንድ ይጠርጋል። ከሥሩ የተነጠፈውን ጥልፍ ጨርቅ በአዲስ ይቀይራል። ይህን የሚሠሩት በእጃቸው፣ በእርጋታ፣ እንደ ቤት ሥራ ነው። ስለ ሞት ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ልቤን የነካው የለም።

ልብ በል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሟቹ ስም አለው። እናቴ ነው የሚባለው፤ ልጄ፣ ጎረቤቴ ነው የሚባለው።

አሁን ሰልፉ ወደሚያልፍበት ወደ ሜክሲኮ ሲቲው ሬፎርማ ጎዳና እንምጣ። ግዙፍ አጽሞች በተሽከርካሪ ላይ ያልፋሉ። ዳንሰኞች ፊታቸውን የራስ ቅል አስመስለው ተቀብተዋል። ሙዚቃው ያምራል፤ ልብሱም ያምራል። ግን የሞተው ማን ነው? ሞት አለ፤ ሟች የለም። ተመልካቹ ፎቶ ያነሳል እንጂ የሚያስታውሰው ሰው የለውም። የእኔ ተቃውሞ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የላ ካትሪና ነገር ነው። ባለ ትልቅ ባርኔጣዋ የሴት አጽም፣ የሰልፉ ንግሥት ማለት ናት። የፈጠራት ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የተባለው የሕትመት ሠዓሊ ነው፤ በ1913 በድህነት ሞተ። ሲሥላት የነበረው እኮ የአገሬውን ዘራቸውን እየደበቁ እንደ አውሮፓ ወይዛዝርት የሚለብሱትን ለመተቸት ነው። የሌላ አገር መልክ ለመምሰል የሚሯሯጡትን ለመውቀስ የተሣለች ሴት፣ ዛሬ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ሰልፍ ፊታውራሪ ሆነች። ፖሳዳ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

የድጋፍ ወገን

እህቴ፣ ስለ ኦፍሬንዳው የተናገርሽውን ሁሉ እቀበላለሁ። ካትሪናን ካነሳሽ ግን ታሪኳን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ፖሳዳ የሣላት ጭንቅላቷንና ባርኔጣዋን ብቻ ነው። ሥዕሏ የታተመው ተርታው ሕዝብ ሊገዛው በሚችል ርካሽ ወረቀት ላይ ነው። ሙሉ አካልና ረጅም ቀሚስ የሰጣት ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው፤ በ1947 በጨረሰው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ ከራሱ ከፖሳዳ ጎን አቆማት። ከዚያ በኋላ ነው ካትሪና የበዓሉ ፊት የሆነችው። ማተሚያ ቤት ወለዳት፤ ሠዓሊ አሳደጋት፤ ሕዝቡ የራሱ አደረጋት። ዛሬ ካትሪና ከበዓሉ ትውጣ የሚል ሜክሲኳዊ አላውቅም። የሰልፉ መነሻ ፊልም መሆኑ እንደ ኃጢአት የሚቆጠር ከሆነ፣ የካትሪናም መነሻ የአንድ ሳንቲም ወረቀት ነው።

ደግሞ ሰልፉን ቦንድ አስተማራቸው የሚለውን ነገር አልቀበልም። እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። በከተማዋ ምሥራቅ “ሴልፍ ሄልፕ ግራፊክስ” የሚባል የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ካረን ቦካሌሮ የተባሉ የፍራንሲስካን መነኩሲት ከሜክሲኳውያን ሠዓሊያን ጋር ሆነው የመሠረቱት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሰዎች የሙታን ቀንን ጎዳና አወጡት። ፊታቸውን ተቀብተው፣ ከኤቨርግሪን መቃብር ተነስተው በእግራቸው እየሄዱ አከበሩት። ቦንድ ሜክሲኮ ሲቲ ከመድረሱ 40 ዓመት በፊት ማለት ነው። ለምን አደባባይ ወጡ? ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እየተናገሩ ያድጋሉ። የአያት መቃብር ድንበር ማዶ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ቢያከብሩት ኖሮ ባህሉ ከእነሱ ጋር ይቀር ነበር። በስደት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። አደባባይ መውጣታቸው በዓሉን አዳነው እንጂ አላረከሰውም።

እዚያው ሜክሲኮ ሲቲም ቢሆን፣ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየሙ ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ የአሌብሪሄ ሰልፍ ያወጣል። አሌብሪሄ ማለት ፔድሮ ሊናሬስ የተባለው የወረቀት ጥበብ ባለሙያ የፈጠራቸው፣ የብዙ እንስሳት አካል የተቀላቀለባቸው ባለ ደማቅ ቀለም ፍጥረቶች ናቸው። ሊናሬስ ይሁዳን የሚወክሉ የወረቀት አሻንጉሊቶችና ፒኛታ የሚባለውን፣ ከረሜላ ተሞልቶ በበዓል የሚሰበር የወረቀት ዕቃ እየሠራ የሚኖር የእጅ ባለሙያ ነበር። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሥራ ነው በሰው ቁመት ተሠርቶ፣ ከዚያም በልጦ ጎዳና የሚወጣው። ታዲያ ይህች ከተማ ጥበቧን ጎዳና ለማውጣት የፊልም ኩባንያ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር?

ሟች የለም ላልሽው ደግሞ 2017ን ላስታውስሽ። ሴፕቴምበር 19 ቀን መጠኑ 7.1 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አገሪቱን መታ። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በፍርስራሹ ላይ የተሰማሩት ነፍስ አዳኞች ጡጫቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ ከሥር የሚጣራ ሰው ካለ ለመስማት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰልፉ ሲወጣ የተከፈተው በዚያ ምልክት ነው። ሰልፈኞቹ ጡጫቸውን አንስተው አለፉ። በ2018 ሰልፉ በመንገድ ለሞቱ ስደተኞች መታሰቢያ ነበረው። በ2021 ደግሞ በኮቪድ ያለቁት ታሰቡ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በወረርሽኙ ጊዜ በወጉ እንኳ መቅበር አልቻሉም ነበር። አንድ ከተማ ሙሉ ሲያዝን የቤት ጠረጴዛ ብቻ አይበቃውም። ለጋራ ሐዘን የጋራ ቦታ ያስፈልጋል።

አበባውንም አትርሺ። ሴምፓሱቺልን የሚያበቅሉት የፑዌብላ ገበሬዎችና የሶቺሚልኮ አትክልተኞች ናቸው። ሰልፉ ከተማዋን በአበባ ሲሞላ ሥራው የእነሱ ነው።

የተቃውሞ ወገን

ስለ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ያልከው እውነት ነው፤ ደስም ብሎኝ ነው የምቀበለው። ግን የነገርከኝን መልሰህ ስማው። ሰልፉ የተነሳው ከመቃብር ነው። የወጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ለራሳቸው ልጆች ብለው ነው የወጡት። ሬፎርማ ላይ ግን መጀመሪያ የታሰበው ሌላ ሰው ነበር፤ ፊልሙን አይቶ የሚመጣ እንግዳ። ሰልፉ ያለበት በመሰለው ከተማ ሰልፉን ቢያጣ ቅር እንዳይለው። ሰው ለሙታኑ ብሎ ሲወጣና ለእንግዳ ዓይን ብሎ ሲወጣ ሁለቱ ነገሮች እኩል አይደሉም።

2017ን እቀበላለሁ። ያ ቀን ትክክል ነበር። ትክክል ያደረገው ግን የሚታወቁ ሙታን መኖራቸው ነው። እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው።

ፊልምና ገንዘብ ሲገቡ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አይተናል። በ2013 ዲዝኒ ለሚያዘጋጀው ፊልም ብሎ የበዓሉን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የሚሊዮኖችን የሐዘን ቀን ስም! ሰው ተቆጣ፤ ኩባንያው ማመልከቻውን አነሳ። ባይቆጡ ኖሮስ?

ፓትስኳሮ ሐይቅ ላይ ያለችውን የሃኒትሲዮን ደሴትም አስብ። ፑሬፔቻ የተባለው የአገሬው ሕዝብ እናቶች ሌሊቱን ሙሉ በመቃብሩ ዳር ሻማ አብርተው ይቀመጣሉ። በየጀልባው የሚመጣው ሰው ደግሞ በመቃብሮቹ መሀል ካሜራውን ይዞ ይተራመሳል። ይህ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊትም የነበረ ችግር ነው፤ አውቃለሁ። የሰልፉ ምስል በዓለም ሲዞር ግን ተጨማሪ ሰው ይጠራል። የሚመጣውም ካርኒቫል ጠብቆ ነው። ካርኒቫል የጠበቀ ሰው ከምታለቅስ ሴት ፊት እንዴት እንደሚቆም አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ቀኑን። ሰልፉ ብዙ ጊዜ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ቅዳሜ ይውላል፤ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 እንዲያ ነበር። በ2019 ግን ኖቬምበር 2 ራሱ ቅዳሜ ነበርና በዚያው ቀን ዋለ። በ2024ም እንደዚያው። እዚያው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ሚስኪክ የምትባል ጥንታዊ መንደር አለች። በኖቬምበር 2 ምሽት ነዋሪዎቿ መቃብሩን በሺዎች በሚቆጠሩ ሻማዎች ያበራሉ። ላ አሉምብራዳ ይሉታል። ከተማዋ በዚያው ቀን ተሽከርካሪና ድምፅ ማጉያ ይዛ መሀል ከተማውን ስትይዝ፣ ካሜራው ሁሉ ወደዚያ ሲዞር፣ ልጆች ከእናታቸው ጋር መቃብር ይሂዱ ወይስ ሰልፍ ይዩ? ይህን ምርጫ ልጅ ላይ መጫን ጥሩ አይደለም።

የድጋፍ ወገን

በዲዝኒው ጉዳይ አንድ ነን። እኔ የማየው ግን የተቆጡትን ነው። ከተቃወሙት አንዱ ላሎ አልካራስ የተባለው የካርቱን ሠዓሊ ነበር፤ የኩባንያውን አይጥ፣ ሚኪ ማውስን፣ አጽም አድርጎ ሣለው። ኩባንያው በኋላ እሱኑ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ፊልሙ ኮኮ በሚል ስም በ2017 ሲወጣ ከአሜሪካ በፊት ሜክሲኮ ላይ ታየ፤ የአገሪቱን የሲኒማ ገቢ ክብረ ወሰንም ሰበረ። ሜክሲኮዎች ፊልሙን የተቀበሉት የራሳቸውን ኩሽና፣ የራሳቸውን አያት ስላዩበት ነው። ባህሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ነቅቶ ይጠብቃል። አደባባይ ሲወጣ የሚሰረቅ ደካማ ነገር አድርገሽ አትቁጠሪው።

እንግዳን በተመለከተ ፑዌብላ ውስጥ ያለችውን ዋኬቹላን እይልኝ። እዚያ በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት እስከ ጣሪያ የሚደርስ ነጭ መታሰቢያ ይሠራል፤ በሳቲን ጨርቅ የተሸፈነ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው። በሩ ክፍት ነው። የማይታወቅ ሰው ሲገባ ገና ሐዘን ላይ ያሉት ቤተሰቦች ያስተናግዱታል፤ ዳቦና ትኩስ መጠጥ ይሰጡታል። እነሱ እንግዳውን ካልፈሩት እኔ ልፈራላቸው አልችልም። የሬፎርማው ሰልፍ ያንን ሰው ወደ ዋኬቹላ የሚያደርሰው የመጀመሪያ በር ሊሆን ይችላል። ሁሉም አይሄድም፤ የሚሄድ ግን አለ።

በቀኑ ላይ ግን አልከራከርሽም። ኖቬምበር 2 የቤትና የመቃብር ይሁን። ለሰልፉ ቀደም ያለው ቅዳሜ ይበቃዋል።

የተቃውሞ ወገን

እሺ፣ ቢያንስ በዚህ ተስማማን። በሌላው እንደተለያየን ነን። ኖቬምበር 2 ቀጥሎ ቅዳሜ የሚውለው በ2030 ነው። ከተማዋ እስከዚያ የሰልፉን ቀን በደንብ አድርጋ ብትወስነው፣ ያን ምሽት ሚስኪክ ላይ ሻማ የሚያበሩት ሰዎች ልጆቻቸው አጠገባቸው ይሆናሉ።