እርማት፦ ውፍረት ሁሉ ከታይሮይድ አይመጣም

«ሰው የሚወፍረው ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ሲደክምና ሌፕቲኑ (የጥጋብን መልእክት ለአንጎል የሚያደርሰው ሆርሞን) ሲያንስ ስለሆነ፣ የታይሮይድ ክኒን ቢወስድ ስቡ ይቀልጣል» ብለው የጻፉት ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም መታረም ያለበት ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ክብደት መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭማሪው በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም ብዙው ስብ ሳይሆን ሰውነት አምቆ የያዘው ጨውና ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ደግሞ የሚመነጨው ከራሱ ከስብ ህዋስ ስለሆነ፣ በወፍራም ሰው ደም ውስጥ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ችግሩ አንጎል መልእክቱን በሚገባ አለመቀበሉ ነው። (ሌፕቲን ከነጭራሹ የማያመነጩ ሰዎች አሉ፤ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።)

ግንኙነቱ ጎልቶ የሚታየው በሌላው አቅጣጫ ነው። አንድ ሰው ለጥቂት ቀናት ምግብ ቢያቋርጥ ሌፕቲኑ ያሽቆለቁላል፤ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ታይሮይድን የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ይላል፤ ሰውየውን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይዝላልም፤ ሰውነቱ ኃይል እየቆጠበ ነውና። በወፍራም ሰው የምርመራ ወረቀት ላይ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚታየው ቲኤስኤች የተባለው ታይሮይድን የሚቀሰቅስ ሆርሞንም ብዙ ጊዜ የውፍረቱ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ስለሆነ፣ ክብደት ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል።

ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ክኒኑን ለመክሳት ሲል ቢወስድ ጡንቻውን ሊያጣ፣ የልብ ምቱ ሊዛባ፣ አጥንቱም ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ምክሩን እንዲያነሱት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የሚጠራጠር ሰው ካለ አስቀድሞ ደሙን ይመርመር።