ፀሐዩ በነጻ፣ ክፍያው በዶላር

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ክልል ጋድ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ለመገንባት ጨረታ ሲያሸንፍ፣ ያቀረበው ዋጋ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሴንት! በጊዜው ምንዛሪ 73 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከተገረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዓመታት አለፉ፤ ከሁለቱም ቦታ አንድ አምፖል የሚያበራ ኃይል አልመጣም። ከዚያ ቀደም ጨረታው በጣሊያኑ ኤኔል ኩባንያ አሸናፊነት የተጠናቀቀው የመተሐራ 100 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያም ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ስለ ፀሐይ ሀብታችን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ጥናቶቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሒሳቡ ነው። የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ከደንበኛው የሚሰበስበው ብር ነው፤ ባለሀብቱ ለ20 ዓመት የሚጠብቀው ግን ዶላር ነው። ያው 2.526 ሴንት፣ ዶላር ከ130 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ከ3 ብር ያልፋል። ፓነሉ በዓለም ገበያ እየረከሰ ሲሄድ እኛ ዘንድ ተወደደ፤ ያረከስነው ብራችንን ነውና።

«5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ የህዳሴ ግድብ እያለን ፀሐይ ምን ይሠራልናል?» የሚሉ አሉ። ግንቦት 2011ን የረሱ ይመስለኛል። የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነበር። ፀሐይና ውሃ እኮ የራሳቸው ፈረቃ አላቸው፤ ክረምት ደመናው ሲከብድ ወንዙ ይሞላል፣ በጋ ግድቡ ሲጎድል ሰማዩ ይጠራል። ቀን በፀሐይ የሠራንበት እያንዳንዱ ሰዓት፣ ለምሽቱ እንጀራ መጋገሪያ ውሃውን በግድቡ ያቆይልናል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛሉ፤ የእኛ ባትሪ ተገንብቶ አልቋል።

ለእኔ ግን ፀሐይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዋጣው ዋናው መስመር በማይደርስበት ገጠር ነው። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ውሃ የሚስበው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ሞተር ነው፤ አገሪቱም ያንን ነዳጅ በየዓመቱ በዶላር ታስገባለች። የሶላር ፓምፕ ዶላር የሚጠይቀው ሲገዛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር፣ ማለትም ማሳው በተጠማ ጊዜ፣ የበለጠ ይስባል። ገበሬውን የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ባንኩ ዋስትና ይጠይቀዋል፤ መሬቱ ደግሞ አይሸጥም፣ አይለወጥም።

በገበያው ላይ ያለው ዕቃ ጥራትም አንድ ጣጣ ነው። እኔ ራሴ ለወላጆቼ የገዛሁት የሶላር መብራት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ባትሪው ሞቶ ዛሬ ፓነሉ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። እናቴ ወደ ኩራዟ ተመለሰች፤ ሁለተኛ ሶላር ግዢ ብላት እሺ የምትል አይመስለኝም።

ለትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚወጣው ቀጣይ ጨረታ ቢያንስ ከክፍያው ከፊሉ በብር እንዲሆን ቢደራደር፣ የአገር ውስጥ ባንኮችና የጡረታ ገንዘብም ድርሻ ቢገቡበት እመርጣለሁ። በወረቀት ላይ ዋጋው ከ2.526 ሴንት ይበልጥ ይሆናል። ይሁን፤ ያ ርካሽ ዋጋ እስካሁን አንድም ቤት አላበራም።