ፎቶ ላይ የሚያምር ዛፍ ይለምልም!

አዲስ አበቤ ተፈጥሮን መውደድ ይችልበታል። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ ያየሁት ሰውዬ በተለይ አንደኛ ነው። ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቆፍሮለታል። ጓንቱ ላይ የጭቃ ምልክት የለም። ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመና «በዚህ በኩል አንሳኝ፣ ቦርጬ እንዳይታይ» አለ። ፎቶው ሲያምርለት ጓንቱን አውልቆ ሄደ። ፕላስቲኩስ? እሱ የአትክልተኛው ጣጣ ነው።

እንዲህ ዛፍ የሚወድ ሕዝብ ለእንጉዳይ ደንታ ባይኖረው አይፈረድበትም። ጎንበስ ካላሉ አይታይ፤ ጎንበስ ካሉ ደግሞ ሱሪ ይቆሽሻል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የጅብ ጥላ ያየ ልጅ በእግሩ ሳይመታ አያልፍም፤ አባቱም አይቆጣውም።

ሳርኮሶማ ግሎቦሰም የሚባለውን ፈንገስ እንይ። ሰሜን አውሮፓ፣ ስፕሩስ በሚባል ዛፍ ደን ውስጥ፣ በረዶ ሲቀልጥ ብቅ ይላል። ጥቁር፣ ድብልብል፣ ሆዱን ዝልግልግ ፈሳሽ የሞላው ነገር ነው። አሮጌው ደን ሲጨፈጨፍ አብሮ ይጠፋል። የትኛው ዝርያ ለመጥፋት እንደተቃረበ የሚመዘግበው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «ለስጋት የተቃረበ» ይለዋል። ይበለው! አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ማን አለ?

የፓስፊክ ዩ ግን ዛፍ ነው፣ ያውም የእነ ጽድና ዝግባ ወገን። የሚገኘው ምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ደረጃውም ያው «ለስጋት የተቃረበ» ነው። ድሮ እንጨት ቆራጮች ከግርድ ቆጥረው ያቃጥሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የቅርፊቱ ናሙና ለምርምር ተወሰደ። በ1992 ከቅርፊቱ የተገኘው ታክሶል ለካንሰር መድኃኒትነት አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ዛፉም ተከበረ፤ ማለትም ተላጠ። ተልጦ ያለቀ ዛፍ ደግሞ ይደርቃል። ክብር እንዲህ ነው።

ቀይ መዝገቡም ቢሆን የኛው ቢጤ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ከ160 ሺህ በላይ ዝርያዎች ሲመዘግብ፣ ፈንገሶቹ 1,300 ገደማ ብቻ ነበሩ።

አንዳንድ ነገረኞች «ጽድም ዝግባም ከአፈር ፎስፈረስ የሚለቅሙት ሥሮቻቸው ላይ ባለ የፈንገስ ክር እየታገዙ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ክሩ ካሜራ ውስጥ ይገባል? ባለሥልጣን ይመርቀዋል? እንጉዳይ መከበር ካማረው መጀመሪያ ቁመት ያውጣ። ካልሆነም መድኃኒት ይሁንና ቅርፊት ያብቅል፤ ለመላጡ ሰው አይጠፋም።