የጅማ ሰዎች ሆይ፣ ኳስ ያቆመውን ልጅ የት ጣላችሁት?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ወቀሳዬ በፌዴሬሽኑ ላይ አይደለም። በዳኛም ላይ አይደለም። በራሳችን ላይ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማችን ምን እንደሆነች ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ቀጥሎ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፍነው፤ መጀመሪያ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስለነበር ነው ከውድድሩ የወደቅነው። ያኔ የተጫዋቾቹን ስም ከበረኛ እስከ አጥቂ ሕፃኑም ሽማግሌውም በቃሉ ይጠራ ነበር። በ2014 ክለቡ ከሊጉ ወረደ። እስቲ ንገሩኝ፤ ከዚያ ቡድን ስንቱ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ታሞ የተኛ ቢኖር ማናችን ሄደን ጠየቅነው?

የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው። አብዛኛው 35 ዓመት ሳይሞላው ጫማ ይሰቅላል። የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰማ ከዚያም በፊት ያበቃል። እኩዮቹ ሥራቸው ላይ ተደላድለው ልጅ ሲያሳድጉ እሱ ሥራ ፍለጋ ይጀምራል። ይህን እያወቅን ገንዘብ እጁ ላይ ባለበት ሰዓት የምናደርገውን ተመልከቱ።

ልጁ የፊርማ ገንዘብ ተቀብሎ ሰፈር ሲመጣ ሠርግ ያለበትም፣ ቤት የሚያድሰውም፣ ንግዱ የከሰረበትም እሱ ላይ ይሰለፋል። እምቢ ካለ "ኮራ፣ ሰው ናቀ" ይባላል። ከሰዓት ጫት ላይ የምታስቀምጡት እናንተ ጓደኞቹ ናችሁ። ሂሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው። በነጋታው ልምምድ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ግን "ዛሬን ብቻ" ትሉታላችሁ። ከዚያ እግሩ ሲከብድ ስታዲየም ገብታችሁ እናቱን የምትሰድቡት እናንተው ናችሁ። ይሄ ነውር ነው! በገንዘቡ ከበላችሁ በኋላ ገንዘቡ ሲያልቅ መንገድ የምትቀይሩበትን ሰው ጓደኛዬ ነው አትበሉ።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተንም አልዘልም። ልጃችሁ ገና የፕሮጀክት (የታዳጊዎች ሥልጠና) ተጫዋች ሆኖ ጥሩ ሲጫወት አይታችሁ ከትምህርት ቤት ሲቀር ዝም አላችሁ። "ኳሱ ያበላዋል" አላችሁ። ከመቶ ልጅ ስንቱ ነው ሊግ የሚደርሰው? ጠዋት ይማር፤ ከሰዓት ይጫወት። ሁለቱ አይጣሉም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፤ በ1914 ዓ.ም.። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስም ለብሔራዊ ቡድንም ተጫውተዋል። ጫማ ሲሰቅሉ ግን ሥራቸው ገና ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ1949 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979፣ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ እግር ኳስ እንድትታገድ ከታገሉት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ የሠሩት በእግራቸው ብቻ ይመስላችኋል? ስማቸውን የማያውቅ ወጣት ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ የዚህም ጥፋት የእኛ የታላላቆች ነው። በ1954 ዋንጫውን የተቀበሉት አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ከኳሱ ሌላ የመካኒክነት ሙያ ነበራቸው። በደርግ ዘመን ከሀገር ወጥተው በ2015 መስከረም ጣሊያን ውስጥ አረፉ።

ተጫዋቾች፣ እናንተም ስሙ። ኳስ ሳታቆሙ የአሠልጣኝነት ኮርስ ውሰዱ። ከካፍ ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም ከመነሻው የአሠልጣኝነት ፈቃድ ጀምሩ። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት መጠለያ አስቡ። ሁለት ወር ደሞዝ ካልተከፈላችሁ፣ ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ ውል ማፍረስ እንደምትችሉ የፊፋ ደንብ ይፈቅድላችኋል። ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁም፤ የሚነግራችሁም የለም።

በመጨረሻ ክለብ ለምትመሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደሞዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ተጫዋቹም ላቡን አፍስሶ የሚበላ ሠራተኛ ነው። የጡረታው ነገር ምን እንደሆነ ሳይፈርም በፊት በግልጽ ንገሩት። ውሉን በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት፤ አፋን ኦሮሞም ይሁን አማርኛ። ግልባጩን በእጁ ስጡት። ደሞዙን በወሩ ክፈሉት።