ማስተካከያ፦ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም

ስለ ፒክአፕ የኋላ ፍሬን ሥራ ቀደም ሲል ስጽፍ «በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት የእጅ ፍሬን መሳብ ይበቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በአብዛኞቹ ፒክአፖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። እነሱ ከመሬት ከተነሱ ምኑን ይይዛል? ደግሞም ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ የፍሬን ብረት) ለማውጣት የእጅ ፍሬኑን መልቀቃችሁ አይቀርም። ማርሽ ማስገባትም አያስተማምንም፤ አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሳ ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ጎማው ብቻውን እንዲሽከረከር ይፈቅድለታል።

ስለዚህ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ምረጡ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዙ። የጎማ ብሎኖቹን መኪናው ሳይነሳ ላላ አድርጉ። ካነሳችሁ በኋላ አክስሉን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ) ክብደቱን በሚችል የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ብሎኬት? እሱንማ እርሱት፣ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል።