ኧረ ተው፣ ፊልም ስናይ አፋችሁን ዝጉልን!

ዛሬስ ልናገረው። እዚህ ባሕር ዳር ፊልም ከሰው ጋር ማየት አልተቻለም። ቤት ውስጥም አልተቻለም፣ ጣና ዳር ስክሪን ያለው ካፌም አልተቻለም። ሁሌ ቀድሞ ያየው አንድ ሰው አይጠፋም፣ ያ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ቆይ ቆይ፣ አሁን ጉድ ታያላችሁ» ይላል። «እሷን እንዳታምኗት» ይላል። ወንድሜ፣ ማንን እንደማምን ራሴ ልወስን እንጂ!

ሰሞኑን «ሬዲ ኦር ኖት» የሚባለውን የ2019 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ልናይ ፔዳ አካባቢ እኛ ቤት ተሰበሰብን። በፍላሽ ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ላላያችሁት መነሻውን ልንገራችሁ፣ መጨረሻውን ግን አልነካም። ግሬስ የምትባል ሙሽራ አለች፣ ሳማራ ዊቪንግ ናት የምትጫወታት። ሌ ዶማስ ለሚባል የናጠጠ ሀብታም ቤተሰብ ልጅ ትዳራለች። ሀብታቸው ከካርታና ከቤት ውስጥ ጨዋታዎች ንግድ የመጣ ነው። ታዲያ በሠርጉ ሌሊት አዲስ የገባ ሰው ካርድ ያወጣል፣ የወጣለትን ጨዋታም የግድ ይጫወታል። ለሷ ድብብቆሽ ደረሳት። እየሳቀች ልትደበቅ ሄደች። እነሱ ግን ከግድግዳ ላይ መሣሪያ እያወረዱ ነው፣ ሳይነጋ ካልገደልናት እናልቃለን ብለው ያምናሉና።

እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። እኛ ልጅ ሆነን «አኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም!» እያልን የተደበቅን ሰዎች ነን። ለግሬስ ግን መንጋቱ ነው ሕይወቷ። ደግሞ እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፣ እነማን ናቸው ተብሎ ጎረቤት ሳይቀር ይጠየቃል። ግሬስ በማደጎ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ያደገች ልጅ ናት። የሚያጣራላት አባት የለ፣ አጎት የለ። ቤተሰብ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነው የገባችው። እኔ ለሷ አንጀቴ እየተላወሰ የአክስቴ ልጅ በዚያው ሰዓት «ይሄ ባሏ እኮ በኋላ...» ብሎ ጀመረ።

ሳቁንም ነው ያበላሸብን። ፊች የሚባል አማች አለ። እንደ ጠመንጃ በምላጭ የሚተኮስ ቀስት ደረሰው፣ አጠቃቀሙን ግን አያውቅም። ሽንት ቤት ገብቶ ተቀምጦ በስልኩ ከዩቲዩብ አተኳኮስ ይማራል። ሰው ሊገድል እኮ ነው! ውጭ ሙሽራ እየታደነች እሱ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ይህ የሚያስቀው ድንገት ስታየው ነው። «አሁን ሽንት ቤት ገብቶ እንትን ያያል» ተብሎ ቀድሞ ከተነገረህ ምኑ ያስቃል? እንዲህ ያለ ፊልም ስትስቅ ያስደነግጥሃል፣ ድንጋጤህ ሳይለቅህ ደግሞ ያስቅሃል፣ ሁለቱም የሚይዙህ ሳታስበው ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። እርግማኑ እውነት ነው ወይስ እነዚህ ሰዎች አብደዋል? 95 ደቂቃ ሙሉ ወንበርህ ላይ የሚያስቀምጥህ ይህ ነው።

የከተማችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ። መስኮት ተከፍቶ፣ ቬንትሌተሩ እየጮኸ፣ ጆሯችንን ቀስረን ነበር የምንሰማው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ይሁን፣ ለምደነዋል። የስልክ መብራት አብርተን «መቼ ይመጣ ይሆን» ስንባባል እሱ ሆዬ መጨረሻውን ከሀ እስከ ፐ ተረከልን። እርግማኑን፣ ባሏን፣ ንጋቱን፣ ምንም አላስቀረም። እህቴ «ተው እንጂ!» እያለች ጆሮዋን ይዛ ወጣች። መብራቱ ሲመጣ ፊልሙን እንቀጥል ያለ ሰው አልነበረም።

ስቆጣው ደግሞ «ፊልም እኮ ነው፣ ምን ያናድድሻል?» አለኝ። ያናድደኛላ! ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውዬ ያገኘኋት አንዲት ምሽት ናት። መጨረሻውን አንተ ራስህ ማንም ሳይነግርህ፣ ልብህ እየመታ አይተኸዋል። እኔን ለምን ትከለክለኛለህ? አንዴ ከሰማሁት በኋላ እንዳልሰማሁት ሆኜ ላየው አልችልም፣ ያንን ማንም አይመልስልኝም።

ቅዳሜ ሌላ ፊልም ይዘህ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። ቀድመህ ያየኸው ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ። ፍላሹን ላክልኝና ለብቻዬ አየዋለሁ።