የጋልቬስተን ፖስታ ካርዶች፦ ምስክር ወይስ ሻጭ?

ጭብጡ፦ የድሮ ፖስታ ካርድና ፎቶግራፍ የአንዲትን የወደብ ከተማ ታሪክ ያሳየናል ወይስ ይሸፍንብናል? ከተማዋ በቴክሳስ ጠረፍ ያለችው ጋልቬስተን ናት። ተከራካሪዎቹ ሂውስተን የምትኖር ካርድ ሰብሳቢና በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰብሳቢዋ

መምህር፣ ከእኛ ሰፈር ጋልቬስተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹን ይዘን እንወርዳለን፤ የባሕሩን ማዕበል የሚያግደው ግንብ ላይ ቁጭ ብለን በፔርሙስ የያዝነውን ቡና እንጠጣለን። ያ ግንብ ለምን እንደተሠራ የገባኝ ግን የድሮ ፎቶግራፎችን ካየሁ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 የመታት አውሎ ነፋስ ቢያንስ 6 ሺህ ሰው ጨርሷል፤ 8 ሺህ የሚሉም ብዙ ናቸው። የደሴቷ ከፍተኛ ቦታ ከባሕሩ በላይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ግንቡን ገነቡ፤ ቀጥለውም ከተማዋን ራሷን ከፍ አደረጓት። ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ ቤቱን በክሪክ እያነሱ፣ ከሥሩ በውኃ የተበጠበጠ አሸዋ በቧንቧ ሞሉበት! የቅዱስ ፓትሪክን ቤተ ክርስቲያን 700 ክሪክ ደግፈው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አነሱት። በወሬ ብሰማው ተረት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ግን ቤቶቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተንጠልጥለው፣ ሰዉ ከጭቃው በላይ በተዘረጋ ሳንቃ ሲመላለስ ይታያል። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይምጣ?

መምህሩ

እህቴ፣ ያወራሽው ስለ ፎቶግራፍ ነው። ፖስታ ካርድ ሌላ ነገር ነው፤ ሸቀጥ ነው። የዚያ ዘመን ባለቀለም ካርድ አብዛኛው የታተመው ጀርመን አገር ነው። ቀለሙን የመረጠው ሰው የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በቀን የተነሳውን ፎቶ አጥቁረው፣ ጨረቃ ጨምረው፣ «የሌሊት ትዕይንት» ብለው ይሸጡት ነበር።

ይህም ይሁን፤ ቀለም ማንንም አልጎዳም። እኔን የሚያንገበግበኝ ካርዱ ላይ የሌለው ሰው ነው። በቴክሳስ ባሪያዎች ነጻ መሆናቸው የታወጀው ጁን 19 ቀን 1865 እዚያችው ጋልቬስተን ነው። ጥቁሩ የፖለቲካ መሪ ኖሪስ ራይት ኩኒ በ1883 ጥቁር የወደብ ሠራተኞችን አደራጅቶ መርከብ ላይ ጥጥ የመጫኑን ሥራ ያስከፈተላቸው እዚያው ነው። በየሱቁ የተሸጠው ካርድ ላይ ምን አለ? በ1911 የተከፈተው ጋልቬዝ ሆቴል፣ ግንቡ፣ ባለባርኔጣ ወይዛዝርት፣ ዋናተኞች። ጥቁር የከተማዋ ነዋሪ በዚያ ዳርቻ እንደ ልቡ እንዳይዋኝ መለየቱን የትኛው ካርድ ነገረሽ? በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ካርዶች ላይ ጥቁር ሰው ከታየ ወይ ጥጥ ተሸክሞ ነው፣ ወይ መሳቂያ ተደርጎ ነው።

ስለ አውሎ ነፋሱ ላንሳ። ጥቁር ወንዶችን በጠመንጃ እያስገደዱ ሬሳ በጀልባ አስጫኑ። ባሕር ላይ ተጣለ፤ ባሕሩ መልሶ ተፋው፤ በመጨረሻ በየቦታው ተቃጠለ። የዚያ ጥፋት ሥዕል በየቤቱ ሥዕልን ጥልቀት ሰጥቶ በሚያሳይ መነጽር እንዲታይ በካርቶን ተለጥፎ ተቸበቸበ። የሰው ሐዘን ለሳሎን ማድመቂያ!

ሰብሳቢዋ

ጨረቃዋን ተውኩልዎ። ሐዘኑ መሸጡም ያሳፍራል፤ አልከራከርም። ግን መምህር፣ እርስዎ ካርዱን የሚያዩት በፊቱ ብቻ ነው።

እስከ ማርች 1907 ድረስ በአሜሪካ ሕግ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር። ስለዚህ ላኪው ቃሉን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያጨናንቀዋል። እኔ ጋ ያለ አንድ የሆቴል ካርድ አለ፤ ሰማዩ ሮዝ፣ ባሕሩ እንደ ጎመን አረንጓዴ፣ ሁሉም ውሸት። አንድ መስኮት ላይ ግን በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል፤ «እኛ እዚህ ነን» ይላል። ቀለም ቀቢው ያላሰበው አንድ ሰው እዚያ ቆሟል። በ1908 በሚያበቃው የበጀት ዓመት ብቻ የአሜሪካ ፖስታ ከ677 ሚሊዮን በላይ ካርድ አመላልሷል፤ በአንድ ሳንቲም ቴምብር! ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ የሌለው ሠራተኛ ሁሉ የጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ካርዱ ላይ የሌለው ሰው ላሉትም፣ ጃክ ጆንሰንን ረሱት? ጋልቬስተን ተወልዶ በ1908 የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር። በ1901 እዚያው ከነጩ ጆ ቾይንስኪ ጋር ገጠመ፤ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። በቴክሳስ ለገንዘብ መቧቀስ ክልክል ነበርና ሁለቱንም ሦስት ሳምንት ገደማ አሰሯቸው። እስር ቤት ውስጥ የተነሱት ፎቶግራፍ አለ፤ አሸናፊና ተሸናፊ አብረው። ጆንሰን እዚያው ከሰውየው ብዙ ተማረ ይባላል። ያን ፎቶግራፍ ሸፋኝ ይሉታል?

መምህሩ

አልለውም፤ የእስር ቤቱን ፎቶግራፍ ተቀብያለሁ። ግን አስቢው፤ አምና ጋልቬስተን ስትወርጂ ከሱቅ ገዝተሽ የላክሽልኝ ካርድ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ጨረቃ ናት።